«ምን ልብላ?» የፕሮስቴት ነቀርሳና የገበታ ታሪክ



ሰው ታሞ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የሕመሙን ስም በሰማ ጊዜ ከአፉ ቀድመው የሚወጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «እድናለሁን?» የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው «ምን ልብላ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የሚመልስለት ሐኪሙ ነው። ለሁለተኛው ግን መልስ ሰጪው ብዙ ነው፤ ጎረቤቱም፥ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራውም፥ የዕድር ወዳጁም፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ዘመዱም እያንዳንዱ የየራሱን ምክር ይዞ ይመጣል። አንዱ «ሥጋ አትንካ» ይላል፤ ሌላው «ይህን ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ኪኒን ከሻንጣው ያወጣል። በሽተኛውም በምክሩ ብዛት ግራ ይጋባል።

ስለ ፕሮስቴት ነቀርሳ የተጠየቀው «ምን ልብላ?» የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ሊቃውንት የደከሙበት፥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ወንዶች በፈቃዳቸው የተመረመሩበት፥ ተስፋም ማታለልም የታየበት ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው፥ ነገ በራሱ ወይም በወንድሙ ላይ ሕመሙ ቢደርስ፥ ከሚሰማው ምክር መካከል ፍሬውን ከገለባው ለመለየት ይችላል ብለን ስለምናምን፥ የዛሬውን ንግግራችንን ለዚሁ አውለነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተመለከቱ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ በወንዶች ብቻ የሚገኝ ነው። ቦታው ከፊኛ በታች ሲሆን የሽንትን ቧንቧ እንደ ቀለበት ከቦ ይቀመጣል፤ መጠኑም በጎልማሳ ሰው ዘንድ ከአንድ ትንሽ ሎሚ አይበልጥም። ሥራው ከወንድ ዘር ጋራ የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ዕጢ በብዙ ወንዶች ላይ እያበጠ ሽንትን ያስቸግራል። ዳሩ ግን ያበጠ ዕጢ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ነቀርሳ የሆነው ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ አንዳች ምልክት ሳያሳይ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት የሐኪም እንጂ የግምት ሥራ አይደለም።

በ1853 ዓ. ም. በለንደን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ጆን አዳምስ የአንድ በሽተኛ ዕጢ በአጒሊ መነጽር ተመርምሮ ነቀርሳ መሆኑ የተረጋገጠበትን ሁኔታ ጽፎ ለባልደረቦቹ አቀረበ። በዚያ ጽሑፍ አዳምስ በሽታው እጅግ ብርቅ መሆኑን ገልጾ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ለዚህ ሕመም የሚያበቃ ዕድሜ ሳይደርስ ይሞት ነበር፤ የደረሰውም ቢታመም ሕመሙ ከተራው የዕጢ ማበጥ ጋራ እየተደባለቀ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2022 ዓ. ም. በመላው ዓለም 1.47 ሚሊዮን ያህል ወንዶች ይህ ነቀርሳ እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት ወደ 397 ሺሕ የሚጠጉ ሞተውበታል። አዳምስ ብርቅ ያለው ሕመም የረጅም ዕድሜ ተከታይ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

ከአዳምስ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ቈይቶ፥ በ1904 ዓ. ም.፥ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሂዩ ሃምፕተን ያንግ የተባለው ሐኪም ነቀርሳ የያዘውን ዕጢ ከነሽፋኑ ቈርጦ በማውጣት ሥር ነቀል የሆነውን ቀዶ ጥገና ጀመረ። ይህ ሕክምና የሚጠቅመው ግን ነቀርሳው ከዕጢው ሳይወጣ ለተገኘበት ሰው ነበር። ወደ አጥንት ለተዛመተበት በሽተኛ ሕመሙን ከማስታገሥ በቀር የሚደረግለት አልነበረም።

ይህን የዘጋ በር የከፈተው በካናዳ ተወልዶ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይመራመር የነበረው ቻርልስ ሃጊንስ ነው። ሃጊንስ ከሥራ ባልደረባው ከክላረንስ ሆጅስ ጋራ በ1941 ዓ. ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ የፕሮስቴት ነቀርሳ ቴስቶስቴሮን በሚባለው የወንድነት ሆርሞን የሚፋፋ መሆኑን፥ ይህም ሆርሞን የዘር ፍሬዎችን በማውጣት ወይም የሴትነትን ሆርሞን በመስጠት ሲቀነስ ነቀርሳው የሚያፈገፍግ መሆኑን አስረዳ። በአጥንት ሕመም ከአልጋ የዋሉ ሰዎች ተነሥተው ለመሄድ ቻሉ። ከ25 ዓመት በኋላ፥ በ1966 ዓ. ም.፥ ሃጊንስ ስለዚህ ሥራው ከፔይተን ራውስ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ዛሬም ወደ ሌላ አካል ለተዛመተው ነቀርሳ የሚሰጠው ሕክምና በመርፌና በኪኒን ይሁን እንጂ መሠረቱ ያው የሃጊንስ ግኝት ነው።

ከዚህ ግኝት በኋላ የምግብ ጥያቄ አዲስ ክብደት አገኘ። ነቀርሳው በደም ውስጥ በሚዘዋወር ነገር የሚፋፋ ከሆነ፥ ከገበታ ወደ ደም የሚገባውስ ነገር ያፋፋው ወይም ያከሳው ይሆን? ይህን ሐሳብ ያጠናከረው የስደተኞች ታሪክ ነው። በ1968 ዓ. ም. ዊልያም ሃንሴልና ሚኖሩ ኩሪሃራ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጃፓን ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰዎች በምን በምን ነቀርሳ እንደሚሞቱ አጥንተው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ በጃፓን በፕሮስቴት ነቀርሳ የሚሞተው ሰው ጥቂት ነበር፤ አሜሪካ በገቡት ጃፓናውያን ዘንድ ግን ቍጥሩ በአገራቸው ከቀሩት ከፍ ብሎ ተገኘ። ደማቸው ያው ነው፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው። «እንግዲያስ ነገሩ በምግብ ውስጥ ነው» የሚለው እምነት ከዚህ ኀይል አገኘ። ይሁን እንጂ ባሕር የተሻገረ ሰው የሚለውጠው ወጡን ብቻ አይደለም፤ ሥራውም፥ የሰውነቱ ክብደትም፥ የሚመረምረው ሐኪምም አብረው ይለወጣሉ። ይህ ነጥብ በዚያን ጊዜ በብዙዎች ዘንድ ተረሳ።

ከዚያ ወዲህ አንዱን ምግብ ነጥሎ ማሞገስ ተጀመረ። በ1995 ዓ. ም. በአሜሪካ 47,894 የጤና ባለሙያ የሆኑ ወንዶች ስለ አመጋገባቸው ተጠይቀው በተደረገው ጥናት፥ ቲማቲምና የቲማቲም ስልስ አዘውትረው የሚበሉት በፕሮስቴት ነቀርሳ የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወዲያውም የቲማቲምን ቀለም በኪኒን ጨምቀው የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሡ። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በ2005 ዓ. ም. ማስረጃውን መርምሮ፥ ስለ ቲማቲም የቀረበው እጅግ ውስን መሆኑን፥ ስለ ኪኒኑም አጥጋቢ ማስረጃ አለመኖሩን አስታወቀ።

አሁን ከታሪኩ ሁሉ ትልቁን ትምህርት ወደምናገኝበት ክፍል ደረስን። በፊንላንድ አገር 29,133 ሲጃራ የሚያጨሱ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። በዚያ ጥናት ቪታሚን ኢ የወሰዱት በፕሮስቴት ነቀርሳ የተያዙት ካልወሰዱት በአንድ ሦስተኛ ያህል አንሰው ተገኙ። በ1996 ዓ. ም. ደግሞ የቆዳ ነቀርሳን ለመከላከል በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ጥናት፥ ሴሌኒየም የሚባለውን ማዕድን የወሰዱት ሰዎች ከቆዳ ነቀርሳ አልዳኑም፤ ነገር ግን በፕሮስቴት ነቀርሳ የተያዙት ከግማሽ በላይ አነሱ። ሁለቱም ውጤቶች የተገኙት ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ቢሆንም ተስፋው ታላቅ ስለ ነበረ፥ ነገሩን ለመቍረጥ ሰፊ ፈተና ታሰበ።

ሴሌክት ተብሎ የተሰየመው ይህ ፈተና በ2001 ዓ. ም. ተጀመረ። ከአሜሪካ፥ ከካናዳና ከፖርቶ ሪኮ 35,533 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት። ከሌሎች ይልቅ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ይህ ነቀርሳ ስለሚበረታ፥ ሌሎቹ ከ55 ዓመት ጀምሮ ሲመዘገቡ እነርሱ ከ50 ዓመት ጀምሮ ተመዘገቡ። ሰዎቹም በአራት ተከፍለው አንደኛው ክፍል ቪታሚን ኢ፥ ሁለተኛው ሴሌኒየም፥ ሦስተኛው ሁለቱንም፥ አራተኛው መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ኪኒን እንዲወስዱ ተደረገ። የትኛውን እንደሚወስድ ወሳጁም ሐኪሙም አያውቅም ነበር።

ፈተናው እስከ 12 ዓመት እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ2008 ዓ. ም. ኪኒኖቹ አንዳች ጥቅም አለማሳየታቸው ስለ ታወቀ እንዲቋረጥ ተወሰነ። ሰዎቹን መከታተል ግን አልቀረም። በ2011 ዓ. ም. የወጣው ውጤት ሁሉንም አስደነገጠ። ቪታሚን ኢ ብቻውን በወሰዱት ዘንድ የፕሮስቴት ነቀርሳ ከመቶ 17 እጅ ጨምሮ ተገኘ። በሌላ አነጋገር በሰባት ዓመት ውስጥ አምሳያውን ከወሰዱት ከአንድ ሺሕ ሰዎች 65ቱ ሲታመሙ፥ ቪታሚኑን ከወሰዱት ከአንድ ሺሕ 76 ታመሙ። ጠባቂ ይሆናል ተብሎ የተቀጠረው ዘበኛ ራሱ በሩን ከፍቶ ተገኘ ማለት ነው።

በ2015 ዓ. ም. ደግሞ በሽታው አስቀድሞ የተገኘባቸውን 4,459 ወንዶች የሚመለከት ጥናት ታተመ። ከእነርሱ መካከል በቀን 140 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ሴሌኒየም በኪኒን ይወስዱ የነበሩት፥ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ በዚሁ ነቀርሳ የመሞታቸው ዕድል ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ ታየ። እንዲህ ያለው ጥናት ሰዎችን ከመከታተል የተገኘ እንጂ እንደ ሴሌክት በዕጣ የተከፈለ ስላልሆነ፥ ኪኒኑን ብቻውን ጥፋተኛ አድርጎ ለመፍረድ አያስችልም፤ ለማስጠንቀቅ ግን ይበቃል።

ከዚህም የከፋ አለ። ከ1996 ዓ. ም. ጀምሮ ፒሲ-ስፔስ የሚባል ከስምንት ዕፅዋት ተቀመመ የተባለ ኪኒን ለፕሮስቴት ነቀርሳ በሽተኞች ይሸጥ ነበር። «ስፔስ» በላቲን ቋንቋ «ተስፋ» ማለት ነው። ኪኒኑን የወሰዱ ብዙዎች በደማቸው ውስጥ ያለው የበሽታው መለኪያ፥ ይኸውም ፒኤስኤ የሚባለው፥ ሲወርድ ስላዩ እጅግ ደስ አላቸው፤ ሐኪሞችም ሳይቀሩ ተደነቁ። በ2002 ዓ. ም. ግን በላቦራቶሪ በተደረገው ምርመራ በውስጡ የሴትነት ሆርሞን ምትክ የሆነ መድኃኒትና ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ተደባልቀው መገኘታቸው ታውቆ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ቅጠል ነው ተብሎ የተሸጠው መድኃኒት የሃጊንስ የ1941 ዓ. ም. ግኝት በድብቅ የተጠቀለለበት ነበር። በሽተኛው ሳያውቅ የሚወስደው ሆርሞን ደሙን በደም ሥር ሊያረጋ፥ ዋርፋሪኑም ሊያደማው ይችል ነበር፤ ሐኪሙም ምን እየተወሰደ እንዳለ ባለማወቁ ሊጠብቀው አይችልም ነበር።

ኪኒኑ እንዲህ ከሆነ ምግቡ ራሱስ? በ2005 ዓ. ም. ዲን ኦርኒሽ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ነቀርሳቸው ገና በመጀመሪያ ደረጃ የሚገኝ፥ ሕክምና ሳይጀምሩ ለመቈየት የመረጡ 93 ወንዶችን በሁለት ከፍሎ፥ አንደኛው ክፍል ከእንስሳት ተዋፅኦ የራቀ ምግብ እንዲመገብ፥ በእግሩ እንዲሄድና አእምሮውን እንዲያሳርፍ አደረገ። ከዓመት በኋላ የእነዚህ ፒኤስኤ ከመቶ 4 እጅ ሲወርድ የሌሎቹ ከመቶ 6 እጅ ወጣ። ውጤቱ የሚያበረታታ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ጥቂቶች፥ ጊዜውም አጭር ነበር።

በ2013 ዓ. ም. ዕጢያቸው ተቈርጦ የወጣላቸው፥ ነገር ግን በሽታው ይመለሳል ተብሎ የተሰጋላቸው 177 ወንዶች በአኩሪ አተር ዱቄት ተፈተኑ፤ የበላውና ያልበላው አንድ ሆኖ ተገኘ። በ2020 ዓ. ም. ደግሞ ነቀርሳቸው በክትትል ብቻ የሚጠበቅ 478 ወንዶች የተመዘገቡበት ሰፊ ፈተና ውጤቱን አሳወቀ። በምክር የታገዙት ወንዶች የሚበሉትን አትክልት በርግጥ አበዙ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የነቀርሳው እርምጃ ካልተመከሩት አልዘገየም።

አንባቢ ሆይ፤ «እንግዲያስ ገበታ ከንቱ ነው» ብለህ ትደመድም ይሆናል። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ኪኒን ከማመን ያልተናነሰ ስሕተት ነው። ታሪኩ የሚያስተምረን ምግብ የነቀርሳ መድኃኒት አለመሆኑን ነው። ሰውዬው ግን ዕጢ ብቻ አይደለም። ልብ አለው፤ አጥንት አለው፤ ጡንቻ አለው። ነቀርሳቸው በጊዜ ከተገኘባቸው ወንዶች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የሚያልፈው በሌላ ሕመም፥ ከሁሉም ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም ነው። ስለዚህ ለልብ የሚስማማ ገበታ ለእነርሱም የሚበጅ ገበታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሕክምናው ራሱ ነው። የወንድነትን ሆርሞን የሚቀንሰው ሕክምና ነቀርሳውን ሲገታ አጥንትን ያሳሳል፤ ጡንቻን ያመነምናል፤ ስብን ያበዛል፤ የስኳር በሽታን ይጋብዛል። በ2005 ዓ. ም. በአሜሪካ ከ50 ሺሕ በላይ በሽተኞች በታዩበት ጥናት፥ በሽታቸው ከታወቀ በኋላ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩት መካከል ይህን ሕክምና ከወሰዱት ከመቶ 19.4 እጅ አጥንታቸው ሲሰበር፥ ካልወሰዱት የተሰበሩት ከመቶ 12.6 እጅ ነበሩ። እንግዲህ በሕክምና ላይ ላለ ሰው ካልሲየምና ቪታሚን ዲ ያለበት ምግብ፥ የፀሐይ ብርሃን፥ ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንደ ተጨማሪ ሕክምና ናቸው። ኪኒን ያስፈልገው እንደ ሆነ ግን መጠኑን የሚወስነው ደሙን የመረመረው ሐኪም ብቻ ነው።

ስለ እንቅስቃሴ የተገኘውም ምስክርነት የሚናቅ አይደለም። በ2011 ዓ. ም. በታተሙ ሁለት ጥናቶች፥ በሽታው ከተገኘባቸው በኋላ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ፈጠን ብለው የሚራመዱ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ወንዶች፥ ተቀምጠው ከሚውሉት ይልቅ ነቀርሳቸው እየገፋ የመሄዱ ወይም በእርሱ የመሞታቸው ነገር ከግማሽ በታች ሆኖ ታይቷል። እርግጥ ነው፥ የበረታ ሰው ከደከመው ይልቅ ስለሚራመድ ጥቅሙን ሁሉ ለእግር መስጠት አይቻልም። ይሁን እንጂ መራመድ ገንዘብ የማያስወጣ፥ ልብንም አጥንትንም የሚያጠነክር ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው ሲገኝባቸው ሲጃራ ያጨሱ የነበሩ ወንዶች ከማያጨሱት ይልቅ በዚሁ ነቀርሳ በብዛት መሞታቸውን አሳይቷል። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ሲጃራ መተው አለበት።

ወደየቤታችን ስንመለስ፥ የሚፈለገው ገበታ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሆኖ አናገኘውም። የጤፍ እንጀራ፥ ምስርና ሽሮ፥ የባቄላና የአተር ክክ፥ ጎመን፥ ቲማቲም፥ ፍራፍሬ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ያሉ ናቸው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቅቤ በበዛበት ወጥ፥ በየሳምንቱ በሚደጋገመው ጥሬ ሥጋና ጥብስ፥ በጨው፥ በስኳርና በመጠጥ ላይ ነው። ሥጋ የሚወድም ሰው ፈጽሞ ይተው አንልም፤ ያሳንሰው እንላለን። በሌላ በኩል ሕመሙ በርትቶበት ወይም ሕክምናው ምግብ ዘግቶበት እየከሳ የሚሄድ ሰው ምግቡን መከልከል ሳይሆን ማጠንከር ይገባዋል። እንዲህ ያለው በሽተኛ ጾም ለመጾም ቢያስብ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በተለይ እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አንባብያን ልብ ብላችሁ አስቡ። ከጧት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋይል የሚያገላብጥ ሰው፥ በመኪና መጥቶ በመኪና የሚመለስ ሰው፥ ወገቡ በየዓመቱ ሲሰፋ የሹመቱ ምልክት ሊመስለው ይችላል። ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ሰው ግን ይህ ነቀርሳ ቢይዘው ይበልጥ እንደሚያሰጋው ታውቋል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፥ ደረጃን በእግር መውጣት፥ ከምሳ በኋላ ጥቂት መራመድ ለማንም አይከብድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን አለመደበቅ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት በከንቱ አይደለም። የወንድ ልጅ ሕመም ከእምብርት በታች ሲሆን፥ ለሚስቱ አይነግር፥ ለሐኪም አይገልጥ፥ ቅጠል ለሚሸጥለት ሰው ግን በስውር ምስጢሩን ያወጣል። ፒሲ-ስፔስን ያበለጸገው ይህን የመሰለ ዝምታና ጭንቀት ነው። ከ50 ዓመት ያለፋችሁ፥ ከዚያም በፊት ቢሆን አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ በዚህ ነቀርሳ የተያዘባችሁ፥ መመርመር ይገባችሁ እንደ ሆነ ከሐኪም ጋራ ተመካከሩ። በሽታው የተገኘበትም ሰው የሚጠጣውን ቅጠልና የሚውጠውን ኪኒን ሁሉ ሳያፍር ለሐኪሙ ያሳይ፤ ስለ ምግብ ብሎም የተጀመረለትን ሕክምና አያቋርጥ።

እንግዲህ ነገ አንድ ወዳጃችሁ በጭንቀት ቀርቦ «ምን ልብላ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፥ የምትሰጡት መልስ ይህ ይሁን፤ «ሐኪምህ ያዘዘልህን መድኃኒት በሰዓቱ ውሰድ፤ ቤተ ሰብህ የሚበላውን ቀላልና ንጹሕ ምግብ አብረህ ብላ፤ ሲጃራህን ጣል፤ ነገም ጧት መጥቼ አብረን በእግራችን እንሄዳለን።» ከምክሩ ሁሉ ይልቅ ለበሽተኛው የሚጠቅመው ምናልባት ይህ የመጨረሻው ቃል ይሆናል።